ታንኳ ስለተሠራ አውሮፕላንም ይሠራል? ሲዞር ለከረመው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባህር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ጋ የደረሰው በእህቴ ልጅ በኩል ሲሆን፣ ከሥሩ «ጋሼ፣ ብየዳ ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገኛል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ጥያቄው ባይኖር ኖሮ አንብቤ አልፈው ነበር። ነገር ግን ድሮ የአውሮፕላን ጥገና ላይ የሠራሁ፣ አሁን ደግሞ ማሽን ሾፕ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ቅዳሜ በሬን የሚያንኳኩት ልጆች ምን ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን እንደወረደ ላስቀምጥ። ለትንሽ አውሮፕላን የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ባህር ዳር ገበያ ውስጥ አለ ይላሉ፤ የመስኮት አልሙኒየም፣ ባህር ዛፍ፣ የባጃጅ ጎማ። ሞተሩ ከማንኛውም አሮጌ መኪና ይወጣል፣ ካልተገኘም ሁለት የባጃጅ ሞተር ይጣመራል። ጣና ነፃ ማኮብኮቢያ ስለሆነ ኤርፖርት አያስፈልግም። የፈረንጅ ንድፍ ለእኛ አገር ስላልታሰበ ክንፉን ማስረዘም፣ ሞተሩን ማሳደግ፣ «ትርፍ» የሆነውን መቀነስ ይገባል፤ ጥገናውን ደግሞ ጎበዝ መካኒክ ይወጣዋል። በመጨረሻም የያዘን ፈቃድ የሚባለው ነገር ብቻ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው ጋራዡ ውስጥ ሠርቶ ይበራል። ለዚህ ሁሉ ምስክር አድርገው የጠሩት ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላንና የጣናን ታንኳ ነው።

ሰው በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቶ መብረሩ ተረት እንዳልሆነ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። አሜሪካ ውስጥ እነ ፖል ፖበረዝኒ በ1953 (እ.ኤ.አ.) የግል ሠሪዎችን ማኅበር ከመሠረቱ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች ተሠርተው በረዋል። የእኛ ልጆች ከማን ያንሳሉ የሚለው ቁጭታቸውም ቁጭቴ ነው። ጠቤ ከመንገዱ ጋር ነው። ጸሐፊው «አቋራጭ» እያሉ የዘረዘሩት እያንዳንዱ ነገር፣ ሌላው ዓለም ላይ እነዚያን አውሮፕላኖች በሰላም ያበረረውን ሥራ ቆርጦ የሚጥል ነው።

ከፀሐይ ልጀምር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ መብረሯ እውነት ነው። ጣሊያን ወስዷት አገሩ ሙዚየም ውስጥ ከኖረች በኋላ ጥር 2016 ላይ ለኢትዮጵያ መመለሷም እውነት ነው። ጽሑፉ ግን «ያለ ምንም ነገር፣ በወኔ ብቻ» ተሠራች ይላል። እንዲያ አይደለም። ሥራውን የመራው የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ነው። ሞተሯም ከመኪና የተነቀለ ሳይሆን ዋልተር ቬኑስ የተባለ፣ ለአውሮፕላን ተብሎ ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ የተሠራ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበር። የኢትዮጵያውያን እጅ ያለበት ሥራ ስለሆነ ልንኮራበት ይገባል። ነገር ግን ፀሐይ የምትመሰክረው ዕውቀት ያለው ሰው፣ ትክክለኛ ሞተርና ጠንቃቃ ሠራተኛ አንድ ላይ ሲገኙ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይም መብረር እንደሚቻል ነው። ጸሐፊው ምስክር ብለው የጠሯት አውሮፕላን ለእኔ መሰከረች ማለት ነው።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ልጆች ገንዘብ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚገዙት እሱን ነውና።

የመኪና ሞተር አውሮፕላን ማብረር ይችላል? አዎ፣ ይችላል። ዊልያም ኢቫንስ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከእንጨትና ከኮምፔንሳቶ የሚሠራ ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ነድፎ በቮልስዋገን ሞተር አብርሯል። እኛ አገር «ቮልስ» የምንለው የዚያው የኤሊ ቅርጹ መኪና ሞተር ማለቴ ነው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው «ማንኛውም መኪና» ወደሚለው ዘለሉ። ቮልስ የተመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ውሃም አይሸከምም። በዝቅተኛ ዙር በቂ ጉልበት ስለሚሰጥ ደግሞ ፕሮፔለሩ ማርሽ ሳይገባ በቀጥታ ይታሰርበታል።

ቀጥታ መታሰሩ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ዘመናዊ የመኪና ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ 5,000 እና 6,000 ዙር ላይ ነው። 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው ፕሮፔለር በ5,500 ዙር ቢሽከረከር ጫፉ በሰከንድ ከ500 ሜትር በላይ ይከንፋል፤ ድምፅ ራሱ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ ወደዚያ ሲጠጋ የሞተሩ ጉልበት ጩኸት ሆኖ ይቀራል እንጂ አይጎትትም። ስለዚህ ዙሩን የሚቀንስ ማርሽ ወይም ቺንጋ መሃል ላይ መግባት አለበት፤ መከራው የሚጀምረውም እዚያ ነው። ሞተር የሚገፋው በምት በምት ነው። ፕሮፔለሩ ደግሞ ከባድ ስለሆነ አንዴ ከተነሣ ፍጥነቱን መለወጥ አይወድም። በሁለቱ መሃል ያለው ዘንግ በየምቱ ይጠማዘዛል፣ መልሶ ይፈታል። የሆነ ዙር ላይ ይህ መጠማዘዝ ከዘንጉ የራሱ ንዝረት ጋር ሲገጥም የማርሹ ጥርስ ይረግፋል ወይም ጋራዥ ውስጥ ኮሎ የምንለው ክራንክ ሻፍት ይቆረጣል። መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ይህን ያለዝበዋል፤ ባይለዝብም መኪናው ዳር ይዞ ይቆማል። ሰማይ ላይ ግን ዳር የሚባል ነገር የለም።

የባጃጁን ነገር በአጭሩ ልለፈው። 200 ሲሲ ገደማ የሆነው የባጃጅ ሞተር የሚሰጠው 10 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ሁለቱ ቢጣመሩ 20 ይሆናሉ፤ ማጣመሪያው የሚበላው ሳይቆጠር። አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች እንኳ በተለምዶ 30 እና 40 ይፈልጋሉ። ያውም የባሕር ጠለል ላይ።

እኛ ያለነው ደግሞ የባሕር ጠለል ላይ አይደለም። ጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ ያልተነሣው ነገር ይህ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። ሚያዝያ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ለክንፉም ለሞተሩም 2,700 ሜትር ገደማ ላይ እንዳሉ ይሆንባቸዋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ አየር ውስጥ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ መጽሐፉ 60 ያለለት ቮልስ 45 ይሆናል ማለት ነው። ፕሮፔለሩ የሚጨብጠው አየርም ስለሳሳ ግፊቱ እንደገና ይቀንሳል፤ ክንፉ ለመሸከም ከወትሮው የበለጠ መሮጥ አለበት። ሦስቱ ሲደመሩ ለመነሣት የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ከእጥፍ በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ከተነሣ በኋላም ሽቅብ መውጣቱ ይልፈሰፈሳል። ሲያርፍም እንዲሁ ነው። የፍጥነት መለኪያው 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲል መሬቱ የሚያልፈው በ69 ገደማ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ፍሬን የሚይዘው ጉልበት ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ይጨምራል። የውጭ ቪዲዮ ላይ አንድ ሰው ከሜዳ ላይ ሽው ብሎ ሲነሣ ያየ ልጅ ይህን አያውቅም። ጸሐፊው ሊነግሩት ይገባ ነበር።

የካርቡሬተሩ ጉዳይም አለ። ለባሕር ጠለል የተቃኘ ባለ ሁለት ምት ሞተር እዚህ ሲመጣ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ያንቀዋል። የእኛ ልጅ ጂግለሩን (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ቀንሶ ያስተካክለዋል፤ ጎበዝ ነው። ያንኑ ሞተር ሳይነካ ወደ መተማ ቆላ ቢያወርደው ግን አየሩ ይወፍርና ነዳጁ ያንሳል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል። ሞተሩን አስተካክሎ መጨረስ የሚባል ነገር የለም፤ የሚስተካከለው ለአንድ ቦታ ነው።

ከዕቃው ውስጥ ጎማውን ተቀብያለሁ። ባጃጅ የሚጫማው 4.00-8 ጎማ ለቀላል አውሮፕላን አያንስም፤ ተመሳሳዩን የተጠቀሙ ብዙ ናቸው። የመስኮት አልሙኒየም ግን ሌላ ነገር ነው። ለመስኮትና ለበር የሚሸጠው በአብዛኛው 6063 የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ለአውሮፕላን አካል ከሚመረጠው፣ በሙቀት ከጠነከረው 6061 ጋር ሲነጻጸር ሳይጎብጥ የሚችለው ጫና ግማሽ ያህል ነው። ሁለቱ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም። ጸሐፊው «በብየዳ ማጠናከር» ያሉት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በሙቀት የጠነከረ አልሙኒየም ሲበየድ በብየዳው ዙሪያ ያለው ጥንካሬው ይጠፋል፤ ያጠናከሩት መስሏቸው ያለሰለሱት ቦታ ላይ ይሰበራል።

ባህር ዛፍስ? ለቤት ማገር አንደኛ ነው። ለክንፍ ወጋግራ ግን ከባድ ነው፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። አውሮፕላን ሠሪዎች የሚመርጡት እንጨት ክብደቱ የዚህ ግማሽ ገደማ ነው፤ ጭረቱም ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካዘነበለ ይጣላል። አናጺ ብሆን ኖሮ ዝግባን እሞክር ነበር፤ ቀጥ ያለና ለሥራ የሚገዛ እንጨት ነው። ዝግባ ግን ራሱ ሊቆረጥ የማይገባው ዛፍ ሆኗል፤ ለክንፍ ብሎ ዘጌ ደን ውስጥ መጥረቢያ የሚያነሣ ሰው ደግሞ እኔ ጋ እንዳይመጣ።

ታንኳውን ያነሡት እዚህ ላይ ነው፦ «መሐንዲስ ሳይኖር ከደንገል ታንኳ የሠራ ሕዝብ አውሮፕላን አያቅተውም» ይላሉ። ታንኳ ሲሠራ ቁጭ ብለው ያዩ አልመሰለኝም። የጣና ዳሩ የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪ የትኛው ደንገል እንደበሰለ፣ ስንት ቀን መድረቅ እንዳለበት፣ እስሩ የት ላይ መጥበቅ እንዳለበት ያውቃል። ውሃ ሲጠጣና ሲከብድ ዳር አውጥቶ ያሰጣዋል፤ ዕድሜው ሲያልቅ ያለ ርኅራኄ ይተወዋል። የዕቃውን አቅም፣ ክብደትና ዕድሜ በትክክል የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዕውቀቱ በወረቀት ያልተጻፈ መሐንዲስ። እኔም ከልጆቹ የምጠይቀው እሱን ነው።

ጣና ነፃ ማኮብኮቢያ ነው የሚለው ሲሰማ ደስ ይላል። እውነትም አለበት፤ ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ፊት ለፊት ዛፍም የመብራት ምሰሶም የለም። ነገር ግን ከውሃ ላይ መነሣት ከሜዳ ላይ ከመነሣት እጅግ ይከብዳል። በጎማ ፈንታ የሚገጠመው ተንሳፋፊ እግር ራሱ ለትንሽ አውሮፕላን ትልቅ ጭነት ነው፤ ውሃውም እስኪለቀው ድረስ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ጉልበቱን ሩብ ያጣ ሞተር ይህንን ጉተታ ሳያሸንፍ ከባህር ዳር እስከ ጎርጎራ እየቀዘፈ ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ጀልባ ካሰቡት መጥፎ አይደለም። የተንሳፋፊ እግር ሕጉም ጥብቅ ነው። በአሜሪካው መስፈርት ሁለቱ እግሮች በአንድነት የአውሮፕላኑን ሙሉ ክብደት በ80 በመቶ የሚበልጥ መሸከም አለባቸው፤ እያንዳንዳቸውም ውሃ በማያስተላልፉ ክፍሎች ይከፋፈላሉ። 450 ኪሎ ለሚመዝን አውሮፕላን 810 ኪሎ የሚሸከም ማለት ነው። ጸሐፊው ለተንሳፋፊ እግርነት ያሰቡት የዘይት በርሜል ግን አንድ ቀዳዳ ካወጣ በቃው።

ውሃው ራሱም ባዶ አይደለም። የዓሣ መረብ አለ፣ ታንኳ አለ፣ ወደ ገዳማት የሚመላለስ ጀልባ አለ፣ ይብራ አለ፣ በሰሜን ምሥራቁ በኩል እምቦጭ አለ። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ሲተኛ ደግሞ ለጀማሪ አብራሪ ከማዕበሉ የባሰ ነው፤ ዓይን ከፍታውን መገመት ስለሚያቅተው ውሃው ገና ሩቅ የመሰለው ሰው ይጋጨዋል። ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ጀልበኞቹን ይጠይቋቸው። ባለንበት ጊዜ ያልታወቀ ነገር ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ ወደ ከተማው ሲመጣ ምን ተብሎ እንደሚታሰብ ደግሞ እኔ ባልጽፈው ይሻላል።

አሁን ወደ «ማሻሻል» ልሂድ። ጸሐፊው በጣም የኮሩበት ክፍል ነው፤ በእኔ ግምት ሰው የሚገድለውም እሱ ነው።

ክንፉ በየጎኑ ቢረዝም ይበልጥ ይሸከማል ይላሉ። አየር ይይዛል፣ ልክ ናቸው። ነገር ግን ክብደቱ ሳይለወጥ ክንፉ በ20 በመቶ ቢረዝም፣ ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ሥር ላይ የሚያርፈው የመስበር ጉልበትም 20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ወጋግራውና ቡሎኖቹ ግን የተሰሉት ለድሮው ነው። ክንፍ የሚሰበረው ጫፉ ላይ አይደለም፣ ሥሩ ላይ ነው።

ሞተሩ ቢያድግስ? አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። 300 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን አለን እንበል። የነበረውን ሞተር አውጥተን 30 ኪሎ የሚበልጠውን፣ ከክብደት ማዕከሉ (አውሮፕላኑ ሚዛኑን ጠብቆ ከሚቆምበት ነጥብ) 1.2 ሜትር ፊት ላይ አሰርን። ሠላሳ በ1.2 ሲባዛ 36፤ ለ330 ሲካፈል የክብደት ማዕከሉ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ሄደ። የክንፉ ስፋት ከፊት እስከ ኋላ 1.2 ሜትር ቢሆን ማዕከሉ እንዲንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ቦታ ሁሉ ተደምሮ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሞተር በመቀየር ከግማሽ በላዩን በላን፤ አብራሪው ገና አልተቀመጠም፣ ነዳጁ ገና አልተቀዳም። አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን ሲያርፍ ቀና አይልም። «እሱንማ ጭራው ላይ ብረት በማሰር እናስተካክላለን» የሚል ካለ ደግሞ፣ ጭራው የከበደ አውሮፕላን ከአፍንጫ ከባዱ ይብሳል፤ አንዴ ሽቅብ ካቀና አልመለስም ይላል።

የሚያናድደኝ ይህን መለካት ቀላል መሆኑ ነው። ሦስት ባስኩላ ከእህል ነጋዴዎች ይዋሳሉ፤ መጀመሪያ ክብደቱ የታወቀ ነገር ጭኖ ሚዛኖቹ እውነት መናገራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የእህል ሚዛን አንዳንዴ ባለቤቱን ይመስላልና። ከዚያ በሦስቱ ጎማዎች ሥር አስገብቶ አውሮፕላኑን በውሃ ልክ ማስተካከል፣ የሦስቱን ንባብ መጻፍ፣ ከአፍንጫው ጀምሮ የእያንዳንዱን ጎማ ርቀት በሜትር መለካት ነው። እያንዳንዱ ንባብ በርቀቱ ተባዝቶ፣ ሦስቱ ተደምረው ለጠቅላላው ክብደት ሲካፈሉ ማዕከሉ ከአፍንጫው ምን ያህል እንደሚርቅ ይታወቃል። ያን ያህል ቃል ስለ ወኔ የጻፉ ሰው ስለ ባስኩላ አንድ መስመር አልጻፉም።

ስለ ቀለሙም ላንሳ። ጭራው ላይ ባንዲራችን በወፍራሙ ይቀባ ብለዋል። ስሜታቸው ይገባኛል። ግን ጭራው ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ኤሌቬተሩና መሪው፣ ከማጠፊያቸው ኋላ የሚጨመርባቸው ክብደት ሚዛናቸውን ያዛባል፤ ሚዛኑ የተዛባ ክፍል የሆነ ፍጥነት ላይ መርገፍገፍ ይጀምራል፣ ፍላተር የሚባለው ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጭራውን ሊነቅለው ይችላል። ባንዲራው አካሉ ጎን ላይ በስሱ ቢቀባ ማንም አይቀየምም።

ጥገናው ላይ ብዙ አልልም። ባህር ዳር ውስጥ እኔን የሚያስንቁ መካኒኮች አሉ፤ እጃቸው ላይ ጥርጥር የለኝም። ልዩነቱ አውሮፕላን ላይ «ጠብቋል» ማለት አለመብቃቱ ነው። ዳዶው ይጠብቃል፣ ኮፒልያ ወይም ሽቦ ይገባበታል፣ ሌላ ሰው ያየዋል፣ ይጻፋል። ያጠበቀው ሰውና ያየው ሰው አንድ መሆን የለበትም።

ፈቃድን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ባዶውን ከ115 ኪሎ በታች የሚመዝን፣ 19 ሊትር ገደማ ነዳጅ ብቻ የሚይዝ፣ ባለ አንድ ወንበር በራሪ ያለ ፈቃድ ወረቀት መብረር ይችላል። ይሁንና በቀን ብቻ፣ ሰው ከሚኖርበት ከተማ በላይ ሳያልፍ። ከዚያ ከፍ ያለውን የሠራ ሰው ደግሞ የሥራውን አብዛኛውን ክፍል በገዛ እጁ መሥራቱን ያሳያል፣ መርማሪ መጥቶ ያያል፣ ከዚያም እንደ ሞተሩና እንደ ፕሮፔለሩ ዓይነት በተለምዶ 25 ወይም 40 ሰዓት ያህል ተሳፋሪ ሳይጭን በተከለለ ቦታ ይፈትነዋል። «ማንም ሠርቶ ይበራል» ማለት ይህንን ሁሉ መዝለል ነው። አንድ ነገር ግን እሰጣቸዋለሁ፦ የእኛ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን «ከንድፍ እስከ መጀመሪያ በረራ ይህን ይህን አድርግ» የሚል፣ ለጀማሪ በሚገባ አማርኛ የተጻፈ ቀጭን መመሪያ ቢያወጣ፣ ልጆቹ ፌስቡክ ላይ ከሚጽፍ ሰው ምክር ከመቀበል ይድኑ ነበር። እኔንም ጨምሮ።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ «ክንፍ ጀምረናል» ብለዋል። እውነት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ የሚቀጥለው ሥራ ብየዳ ሳይሆን ጭነት ነው። ክንፉ ተገልብጦ ይታሰር። አውሮፕላኑ ሰው ይዞ 300 ኪሎ፣ ክንፎቹ ራሳቸው 50 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ክንፉ የሚሸከመው 250 ኪሎ ነው፤ ለመታጠፊያና ለነፋስ ምት 3.8 ጊዜ ሲባዛ 950 ኪሎ ይመጣል፤ ባለ 50 ኪሎ አሸዋ 19 ጆንያ። በሁለቱ ክንፎች ላይ ንድፉ በሚያዘው መጠን ከሥሩ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይደረደራል፤ ሲወርድ ክንፉ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። አሸዋውንና ባስኩላውን እኔ አመጣለሁ፣ ብየዳ ቤቱም ቅዳሜ ክፍት ነው። ከዚያ በፊት ግን ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚይዙት ቡሎኖች ራስ ላይ ምን ምልክት እንዳለ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ምንም ምልክት ከሌለባቸው ክንፉን ሳይጭኑት ይፍቱት።